ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማንና ስለ አካል እንቅስቃሴ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ለምትገኙ አድማጮቻችን በምናቀርበው በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ በአገራችን ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይነሣ የሚያልፍ፥ ነገር ግን በደረሰበት ቤት ወጣቱን ከሥራው፥ እናቲቱን ከማጀቷ፥ ተማሪውን ከመጽሐፉ የሚለይ አንድ የነርቭ ደዌ ነው፤ ስሙም በሐኪሞች ዘንድ መልቲፕል ስክለሮሲስ፥ በአጭሩም ኤም ኤስ ይባላል። ስለ ደዌው ጠባይ ጥቂት ከተናገርን በኋላ ግን የንግግራችን ዋና ክፍል የሚሆነው፥ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው እንደ አቅሙ አካሉን ማንቀሳቀስ እንደሚገባውና፥ እንቅስቃሴውም በመሰነባበቻ ላይ ጣል የሚደረግ ምክር ሳይሆን ሐኪሙ እንደ ኪኒን ለክቶ የሚያዝዘው የሕክምና ክፍል መሆን እንዳለበት ማስረዳት ነው።

አንጎላችንና በአከርካሪያችን ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ለመላው አካል ትእዛዝ የሚያስተላልፉት በነርቮች አማካይነት ነው፤ እነዚህም ነርቮች ማየሊን የሚባል ስብነት ያለው ልባስ አላቸውና፥ የአንጎል መልእክት ሳይዘገይ እጅና እግር ዘንድ የሚደርሰው በዚህ ልባስ ጥበቃ ነው። ደዌው የሚነሣው ሰውነትን ከባዕድ ተሐዋስያን ይጠብቅ ዘንድ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ በገዛ ወገኑ ላይ ሲዘምትና ይህን ልባስ እዚህም እዚያም ሲያቈስለው ነው። ቍስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ባለበት ስፍራም መልእክቱ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ስለዚህ ምልክቱ ቍስሉ እንዳረፈበት ቦታ ይለያያል፤ አንዱን ሰው አንድ ዓይኑ ብዥ ይልበታል፥ ሲያንቀሳቅሰውም ያመዋል፤ ሌላው ከወገቡ በታች ይደነዝዛል፤ ሌላይቱ አንገቷን ስታቀረቅር ከጀርባዋ እስከ እግሯ ይነዝራታል፤ ብዙዎችም ሽንታቸውን መቋጠር ይቸገራሉ። ከሁሉ ይልቅ ብዙዎቹን የሚያስተባብር ምልክት ግን ድካም ነው፤ ይህም ቀን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ከሚሰማው ድካም የተለየ፥ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነሡ እንኳ የማይለቅ ድካም ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ሕመሙ ይነሣል፥ ለሳምንታት ይቈያል፥ ከዚያም ይቀልላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

ደዌውን ከሌሎች ለይቶ በሥርዓት የገለጠው ዣን ማርቲን ሻርኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፥ ትምህርቱን በፓሪስ ከተማ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ዓመቱ ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከዚህ አስነሥተው በሰው ጕልበት እያስጐተቱ መቅደላ ያደረሱበትና በዚያም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያረፉበት ዘመን ነውና። የታሪክ ጸሓፊዎች ዓይን ሁሉ ወደ መቅደላ በተመለሰበት በዚያ ወራት፥ አንድ ሐኪም የድኾች ሴቶች መጠለያ በነበረ ሆስፒታል ውስጥ የእጃቸውን መንቀጥቀጥና የእግራቸውን መተሳሰር ይመረምር ነበር።

ዛሬ የሕሙማኑ ቍጥር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የዓለም አቀፍ ቈጠራ መሠረት በመላው ዓለም ከ2.8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከዚህ ደዌ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ሴቶቹ ከወንዶቹ ቢያንስ እጥፍ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕመሙ የሚታወቅላቸው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው የጕልምስና ዕድሜ ነው። ደዌው ከምድር ወገብ በራቁት በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይበረታል፥ በእኛ አገር ይቀልላል፤ ነገር ግን ይቀልላል ማለት የለም ማለት ስላልሆነ፥ በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው።

በዚህ በእኛ አውራጃ ስለ እግር መድከም በተወራ ቍጥር አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው ጓያ የተባለው ጥራጥሬ የሚያመጣው ሽባነት ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ መንደሮች ተዘዋውረው የመረመሩትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፥ ጓያ የሰበራቸው ሰዎች በዚህ አካባቢ እጅግ ብዙ እንደ ነበሩ ለዓለም አስታውቋል። ሆኖም ሁለቱ ሕመሞች አንድ አይደሉም። ጓያ የሚሰብረው እህል ባጠረበት ዘመን እርሱን ብቻ ለወራት የተመገበውን ሰው ነው፤ እግርን ያደርቃል እንጂ ዓይንን አያፈዝም፤ አንድ ጊዜ ከሰበረም እንደ ሰበረ ይኖራል እንጂ እየተነሣ አይተኛም። ከጓያ ሌላም የአከርካሪ ነቀርሳ፥ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፥ አንዳንድ ቫይረሶችና ኤም ኤስን የሚመስሉ ሌሎች የነርቭ ቍስሎች አሉ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ እግሩ የደነዘዘበት ሁሉ ራሱን በራሱ ኤም ኤስ ይዞኛል ብሎ አይሰይም፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፥ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ተልኮ፥ በነርቭ ሐኪም መመርመርና የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ምስል በሚያነሣው በኤም አር አይ መሣሪያ መታየት ይገባዋል። ወደ ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ከደጅ አይጣል፤ ሁለቱን አጣልቶ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደው ሕግ የለምና።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ከሻርኮ በኋላ ለረጅም ዘመን፥ በዚህ ደዌ ለተያዘ ሰው ይሰጥ የነበረው ምክር ዕረፍ፥ ተኛ፥ ራስህን አታድክም የሚል ነበር። የዚህ ምክር መነሻ ከፊሉ አንድ እውነተኛ ትዝብት ነው፤ ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 እንደ ጻፈው፥ አንዳንድ ሕሙማን በብርቱ ሲንቀሳቀሱ ዓይናቸው ይፈዝዝባቸዋል፥ ሲያርፉም ይመለስላቸዋል። በኋላ እንደ ተገለጠው ግን ዓይኑን ያፈዘዘው እንቅስቃሴው ራሱ ሳይሆን ከእንቅስቃሴው የተነሣ የጨመረው የሰውነት ሙቀት ነው፤ ልባሱ የተገፈፈ ነርቭ ሰውነት ጥቂት እንኳ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋልና። እንዲያውም ኤም አር አይ ከመስፋፋቱ በፊት ሐኪሞች የተጠረጠረውን ሰው በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ምልክቱ እስኪገለጥ ይጠብቁ ነበር። በሙቀት የሚመጣው መፍዘዝ ሰውነት ሲቀዘቅዝ የሚያልፍ እንጂ በነርቩ ላይ አዲስ ቍስል የሚጨምር አይደለም። ይህ ሁሉ ሲታወቅ እንኳ ምክሩ ቶሎ አልተለወጠም፤ አንድ ጊዜ በሐኪም አፍ የተነገረ ቃል፥ ምክንያቱ ከተሻረ በኋላም በሕዝብ ዘንድ እንደ ሥርዓት ይኖራልና።

ምክሩ መለወጥ የጀመረው በተለይ በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጃክ ፔታጃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ነው። 54 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ አንደኛውን ወገን ለ15 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየቀኑም ለ40 ደቂቃ በእጅና በእግር በሚዘወር መሣሪያ አለማመዱት፤ ሁለተኛውን ወገን እንደ ወትሮው ተዉት። የተለማመዱት ሰዎች የልባቸውና የሳንባቸው ብርታት ጨመረ፥ የጡንቻቸው ኃይል ተሻሻለ፥ ኀዘናቸውና ትካዜያቸው ቀለለ፤ ደዌውም አልባሰባቸውም። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ይህንኑ አጽንተዋል፤ ልምምድ ድካምን ይቀንሳል፥ አረማመድን ያቀናል፥ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዲያገረሽም አያደርግም። ደዌውን ይነቅላል የሚል ግን ማንም የለም፤ የሚል ቢመጣም አትመኑት።

የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው። በሕመምተኛው ላይ የሚታየው መዳከም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በነርቭ ላይ ካለው ጠባሳ የሚመጣ ሲሆን፥ ሁለተኛው ግን ከመኝታና ከመቀመጥ ብዛት የሚመጣ ነው። ዓመት ሙሉ ከበረት ሳይወጣ የከረመ በሬ በሽታ ባይነካውም ቀንበር ሲጭኑበት ጕልበቱ እንደሚከዳው፥ የማይንቀሳቀስ ጡንቻም ይሟሽሻል፥ መገጣጠሚያም ይደርቃል፥ ልብም ይሰንፋል፤ ሕመምተኛውም ቤተ ሰቡም ይህን ሁሉ የኤም ኤስ ሥራ ነው ብለው በመቍጠር ተስፋ ይቈርጣሉ። ለመጀመሪያው መዳከም መድኃኒት መፈለግ የሐኪም ፈንታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ ደዌ የሚሆኑ ሦስት መድኃኒቶችን ከመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷል፤ ዳሩ ግን በመዝገብ መጻፍና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መገኘት ልዩ ልዩ ናቸው። ሁለተኛውን መዳከም መከላከል ግን ከውጭ አገር የሚጫን ዕቃ አይፈልግም፤ ዋጋውም ትዕግሥት ነው።

ሽባነት የደረሰበት ሰው በእንቅስቃሴ ራሱን እንደሚያጸና ለኢትዮጵያውያን ማስረጃ ከባዕድ አገር መፈለግ አያሻም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፥ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፥ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል፥ ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም የአከርካሪ ጕዳተኞችን በአልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ስፖርትን የሕክምናቸው ክፍል ያደረገበት ስፍራ ነበር። አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ተማረ፥ በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ፥ በተከታዩም ዓመት በኖርዌይ በውሾች በሚጐተት ተንሸራታች ጋሪ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። የእርሱ ጕዳት ከኤም ኤስ የተለየ ነው፤ ነገር ግን የቀረውን ኃይል የማሠራት ሕክምና ለሁለቱም አንድ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ትልቁ መሰናክል ያለው በዚያ ነውና። የእኛ ሰው ለድውይ ያለው ርኅራኄ የታወቀ ነው፤ ልጅቱ ታመመች ሲባል እናት ውኃውን ትቀዳለች፥ እኅት እንጀራውን ትጋግራለች፥ ወንድም ደግፎ ያነሣታል፥ ጎረቤትም አረፍ በይ የኔ ልጅ እያለ ያስተኛታል። በዚህ ፍቅር ላይ ክፉ መናገር አይቻልም። ሆኖም ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኛ፥ ሁሉን ነገር ሌላው እየሠራላት መኖር ካለፈው ሕመም የተረፈውን ኃይሏን ቀስ በቀስ ይወስድባታል። እናቲቱ ልጇን የምትረዳት ሥራውን በሙሉ በመንጠቅ ሳይሆን ሥራውን በማቃለልና በመከፋፈል ይሁን፤ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን ይቅርና ልጅቱ በአምስት ሊትሩ ትቅዳ፤ ቡናው ሲቈላ እሳቱ ዘንድ ሌላ ሰው ይቀመጥ፥ ሲኒውን ማጠብና ማደል ግን የእርሷ ይሁን፤ ከመደቡ ስትነሣም እጇን ከመጐተት ይልቅ ራሷ እስክትነሣ ከአጠገቧ ቁሙላት።

ስለ እሳት ካነሣን ስለ ሙቀት ጨርሰን እንናገር። በምጣድ ፊት ሁለት ሰዓት የምትቀመጥ ሴት፥ ቀትር ላይ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያጭድ ሰው፥ ወፍራም ጋቢ ተከናንቦ ዳገት የሚወጣ ሽማግሌ፥ ኤም ኤስ ቢኖርባቸው ዓይናቸው ብዥ ሊል፥ እግራቸውም ሊተሳሰር ይችላል። ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርዱ ብዙዎች ስለሆኑም በተለይ ልናስጠነቅቅ ይገባል፤ ለቍርጥማት የሚመችው ያ ሙቅ ውኃ ለዚህ ሕመምተኛ ድንገተኛ መዛል ሊያመጣ፥ ከገንዳው መውጣት እስኪያቅተውም ሊያደርሰው ስለሚችል፥ ብቻውን አይግባ፤ ከመግባቱ በፊትም ሐኪሙን ያማክር። በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር፥ ከጉና ተራራ በሚወርደው ነፋስ የምትቀዘቅዘው ይህች አገራችን፥ ለዚህ ሕመምተኛ ልምምድ እጅግ የተመቸች ናት። ብርድ ከበዛ ደግሞ እግር ይገተራልና ውርጭ ያለበት ማለዳ አይመረጥም፤ ፀሐይ ጥቂት ሞቅ ካደረገች በኋላ፥ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቶ፥ እርጥብ ጨርቅ በአንገት ዙሪያ አድርጎ፥ የሚወለቅ ልብስ ደርቦ መጀመር ብዙ ይረዳል። ሽንት ያስቸግረኛል ብለው ውኃ መጠጣት የሚተዉ አሉ፤ ይህ ድርቀትንና የሽንት ቧንቧ ሕመምን ያመጣል እንጂ አይጠቅምም።

ልምምዱስ ምን ያህል ነው? በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው መመሪያ፥ ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነባቸው ጐልማሶች በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፥ በሳምንት ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ያዝዛል። ይህ ለብዙ ሰው የሚደረስበት ግብ እንጂ የመጀመሪያ ቀን ሥራ አይደለም፤ ለወራት የተኛ ሰው ከአምስት ደቂቃ ይጀምር፥ 30 ደቂቃውንም በየመካከሉ እያረፈ በሦስት ይክፈለው። የእርምጃው ልክ እየሄዱ መነጋገር የሚያስችል፥ ማንጐራጐር ግን የሚያስቸግር ያህል ይሁን። ጡንቻን ለማጠንከር ከሁሉ የሚቀልለው ከወንበር ወይም ከፍ ካለ መደብ እጅን ሳይደገፉ ተነሥቶ መቀመጥ ነው፤ ይህንንም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መደጋገም፥ አርፎም እንደገና መጀመር ይበቃል። ዱካ ዝቅተኛ ስለሆነ ለጀማሪ አይመችም። ባታቸው ለሚገተርባቸው ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ለግማሽ ደቂቃ መቈየት ጠቃሚ ነው። መቆም የማይችል ሰውም ከትምህርቱ ውጭ አይደለም፤ ተቀምጦ ክንዱን ያንሣ፥ በጥልቅ ይተንፍስ፥ የማይንቀሳቀሰውን እግሩንም ቤተ ሰቡ በቀስታ ያጥፉለት፥ ይዘርጉለት።

በአካል ሚዛን ጉዳይ ላይ ግን ጥቂት መዘግየት እወድዳለሁ፤ የዚህ ደዌ ሕሙማን ብዙ ጊዜ የሚወድቁ ስለሆኑና፥ ሚዛንን በማለማመድ ረገድ ይህ አውራጃ የገዛ ሀብት ስላለው ነው። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ሳይሆን በአቋቋም ሊቅነታቸውም የሚታወሱ ሲሆኑ፥ የጣና ዳር ደንገል ሲወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ፥ ልጃቸው ተክሌም ተምሮት በደብረ ታቦር እንዳስተማረው፥ ስልቱም በእርሱ ስም የተክሌ ተብሎ እንደ ተጠራ ትውፊቱ ይናገራል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ብታስተውሉ፥ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሸጋገር፥ ጕልበት ጥቂት ታጥፎ ሲቃና፥ ዓይንና እጅ ከዜማው ጋር ሲተባበሩ ታያላችሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሚዛን ለጐደለው ሰው የሚያዝዘው ልምምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ደዌ የተያዘ ደብተራ ወይም ዲያቆን እንግዲህ አገልግሎቱ አበቃ ብሎ ከማኅሌት አይለይ፤ ሲደክመው እየተቀመጠ፥ ሲበረታ እየቆመ፥ መቋሚያውን ለዜማውም ለሚዛኑም ይያዝ። በቤት ያለችም ሴት ግድግዳ አጠገብ ቆማ፥ በመዝሙር ሽብሸባ ይህንኑ ማድረግ ትችላለች። የዐቢይ ጾም ስግደትም ቢሆን ወደ መሬት ወርዶ የመነሣት ብርቱ ልምምድ ነው፤ ሆኖም ቍጥሩንና የጾሙን ሰዓት ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ እንደ አቅም መወሰን ያሻል፤ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንም ለድውይ ይራራል እንጂ ከአቅሙ በላይ አይጭንም።

የአገራችን መልክአ ምድር ዳገትና ቍልቍለት መሆኑን አንርሳ። ለደከመ እግር ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያስፈራል፤ ጣቱን ማንሣት የተሳነው እግር ጠጠር ይመታል፥ ረጅም ቀሚስም ይጠልፈዋል። ስለዚህ የሚራመዱበት ስፍራ ደልዳላ ይሁን፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፥ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም አስፋልት ዳር ይመረጥ። በክረምት ጭቃው ሲበዛ በበረንዳ ላይ መመላለስ ይበቃል። ምርኵዝ መያዝ የሚያሳፍራቸው ወጣቶች አሉ፤ ይህ ከንቱ እፍረት ነው፤ አገሬው ሁሉ ዱላ በትከሻው ይዞ በሚሄድበት በጎንደር ምድር ዱላ ይዞ መታየት ምን ያሳፍራል?

የቀረው ቃላችን ለጤና ባለሙያዎች ነው። ሕመምተኛው በእንቅስቃሴ የሚያምነው ሐኪሙ አምኖ ሲያዝዝለት ነውና፥ በየቀጠሮው ስለ መድኃኒቱ እንደምትጠይቁት ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን፥ ስንት ደቂቃ ተራመድህ ብላችሁ ጠይቁት። እንቅስቃሴ አድርግ የሚል ባዶ ቃል እንደ ምርቃት ሰምቶት ይሄዳል፤ በካርዱ ላይ ከመድኃኒቱ ስም በታች፥ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜው 10 ደቂቃ፥ በጧት፥ በደልዳላ ስፍራ ብላችሁ ብትጽፉለት ግን ትእዛዝ መሆኑን ያውቃል። የአንድ ሐኪም ጊዜ በተሰለፈው ሕዝብ ብዛት እንደሚጣበብ እናውቃለን፤ ይህን ለመጻፍ ግን ከግማሽ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስለሆነ፥ ሕመምተኛውን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እነዚህ ባለሙያዎች ልኮ ልኩን ማስወሰን ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ ሊከታተሉት ይችላሉ፤ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚያደርጉትን ጕብኝት ለዚህም ሕመምተኛ ጥቂት ቢያስፋፉለት ብዙ ሳይደክሙ ብዙ ይረዱታል።

ልምምድ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። አዲስ ምልክት ድንገት ተነሥቶ ከአንድ ቀን በላይ ከቈየ፥ ለምሳሌ አንድ ዓይን ከጨለመ፥ እግር ፈጽሞ ከከዳ ወይም ሽንት ከታገደ፥ ልምምዱን ትቶ በቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ትኵሳት ሲኖርም እንዲሁ። በልምምድ ጊዜ የመጣ መፍዘዝ ግን ጥላ ሥር ተቀምጠው ውኃ ሲጠጡ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ ካለፈም በማግሥቱ ልምምዱን ጥቂት ቀንሶ መቀጠል ይቻላል። በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅት ድረስ ካደከመ፥ የትናንቱ መጠን በዝቶ ነበርና በግማሽ ይቀነስ። ደኅና በሆኑበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ለመጨረስ መጣደፍ የዚህ ደዌ ሕሙማን የተለመደ ፈተና ነው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ይተኛሉ።

በሚመጣው ቀጠሯችሁ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ እንግዲህ ካርዳችሁን ይዛችሁ፥ ከቤተ ሰብም አንድ ሰው አስከትላችሁ፥ ሐኪማችሁን በሳምንት ስንት ቀን፥ ስንት ደቂቃ፥ የትኛውን ልምምድ ላድርግ፥ የትኛውንስ ልተው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። ማንበብ ለሚቸገር ሰው በቤት ያለ ተማሪ ልጅ ያንብብለት፤ የተደረገበትንም ቀን ልጁ በደብተሩ ጥግ እየጻፈ ለቀጠሮው ያቈይለት።